የአስካለች ዜሮ

እኔ ሒሳብ አልወድም፤ ሒሳብም እኔን ወዶኝ አያውቅም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ “አንተ የአማርኛ አስተማሪ፣ ስለ ማይነስ ቁጥር ምን ቤት ነህ?” የሚል ሰው እንዳይነሳብኝ ነው። የማወራው ስለ አስካለች ነው። አስካለችን ደግሞ ያለ ማይነስ ማውራት አይቻልም። አምቦ ውስጥ ለብዙ ዓመት ጎን ለጎን አስተምረናል። የእሷን ሰባተኛ ክፍልና የእኔን ስምንተኛ ክፍል የሚለየው አንድ ችፑድ ብቻ ነው። ስታስነጥስ እንኳ “ይማርሽ” የምላት ከወዲያኛው ክፍል ሆኜ ነው። እና ሳልወድ በግዴ ሒሳብ ተማርኩ።

ትምህርት ቤታችን ከተማው አልቆ ወደ ጉደር በሚወጣው ጫፍ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። መስኮቶቹ በሙሉ መንገዱን ያያሉ። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ልጅ የሌለው ሰው መሆን አለበት። አንድ ቅጥቅጥ ባለፈ ቁጥር አርባ አንገት አብሮት ይዞራል፣ የእኔም ትምህርት አብሮ ወደ ጉደር ይሄዳል።

አስካለች ስጉ ናት። ቤቷን ቆልፋ ወጥታ፣ ቆልፌ ይሆን ብላ ከመንገድ ትመለሳለች። ሰማዩ ሲጠቁር ጣሪያው፣ ሲጠራ ደግሞ ድርቁ ያሳስባታል። “አንቺ ሴትዮ፣ ሠርግ ብትጠሪ ድንኳኑ ይወድቃል ብለሽ ውጭ ነው የምትቀመጪው” እላት ነበር። ትስቅና፣ ወዲያው ፊቷ ተመልሶ ይጨነቃል። ከመዘምራን ጋር ስትቆም እንኳ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ በር አጠገብ ነው የምትቆመው አሉ።

ባሏ ሂርጳ የእሷ ተቃራኒ ነበር፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ነገር የማይከብደው። ነጭ ሚኒባስ ይነዳል። ከጊንጪ ይነሳል፣ አምቦን ያልፋል፣ ጉደር ይገባል፣ ይመለሳል። ባሏ መንገድ ላይ እያለ አስካለች ምሳ አይወርድላትም። በመጨረሻ አንድ ነገር አስማለችው። በትምህርት ቤቱ በር ባለፈ ቁጥር ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። “ፓፕ ፓፕ” ሲል ከችፑዱ ወዲያ ጠመኔዋ ቀጥ ይላል፣ ትተነፍሳለች፣ ትቀጥላለች። እኔ ለዳይሬክተራችን ለኦቦ ገብረአማኑኤል ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ግጥም እያስነበብኩ ፓፕ ፓፕ! ኦቦ ገብረአማኑኤል ግን “ጋሽ ብዙነህ፣ የሰው ፍቅር ነው፣ ቻለው” አለኝ። ቻልኩት።

አሁን ወደ ማይነሱ ልምጣ። ትምህርቱ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ እዚህ ያማርኛ ልብስ አልብሼዋለሁ። በየዓመቱ ጥቅምት ገባ ሲል ያ ምዕራፍ ይመጣል። ማይነስ በፕላስ ሲባዛ ማይነስ ነው፣ ይህን ይቀበላሉ። ማይነስ በማይነስ ሲባዛ ግን ፕላስ ነው ስትል ክፍሉ ያጉረመርማል። ሁለት መጥፎ ነገር ተባዝቶ ከመቼ ወዲህ ነው ጥሩ የሚሆነው? እውነቱን ለመናገር እኔም ከወዲህ ሆኜ አጉረመርም ነበር። “ሕጉ ነው፣ ያዙት” ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ እኛ እንደዚያ ነው የተማርነው። እሷ ግን ልጅ ያልገባው ነገር ይዞ ቤቱ ከገባ እንቅልፍ አይወስዳትም።

መጀመሪያ “የጠላት ጠላት ወዳጅ ነው” ብላ ሞከረች። ዘመኑ 2008 ነበር፤ ያኔ አምቦ ላይ ጠላት የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው የት እንደሚያድር አያውቅም። ኦቦ ገብረአማኑኤል በሩ ላይ ሰምቶ ላብ በላብ ሆኖ ገባ፣ ይህን ምሳሌ ተይው ብሎ ለመናት። ቀጥሎ የውሃ ሮቶ አመጣች። ሮቶው በቀን ሦስት ጀሪካን ያፈሳል፤ ከሁለት ቀን በፊት ከዛሬው በስንት ይበልጥ ነበር? ጥሩ ምሳሌ ነበር። ግን ያን ሰሞን ውሃ ከጠፋ ወሩን ይዞ ስለነበር ልጆቹ “ቢያፈስም ውሃ ያለው ሮቶ የት ነው ያለው?” ብለው ሰፈሩን ሊያፈላልጉ ተነሱ።

በዓመቱ፣ እንዲህ ስትታገል ክላክሱ ጮኸ። ፓፕ ፓፕ። ከዚያ “ተመልከቱ” ስትል ሰማኋት። የትምህርት ቤቱ በር ዜሮ ነው። ወደ ጊንጪ ያለው መንገድ ፕላስ፣ ወደ ጉደር ያለው ማይነስ። የሚመጣው ሰዓት ፕላስ፣ ያለፈው ሰዓት ማይነስ። ሹፌሩ ሂርጳ ይባላል (ሳቅ በሳቅ ሆኑ)፤ ወደ ጉደር በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር እየነዳ ነው፣ ማለትም ማይነስ አርባ። አሁን ዜሮ ላይ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ የት ይሆናል? ማይነስ አሥር፣ ጉደር ሊገባ ሲል። ከግማሽ ሰዓት በፊትስ የት ነበር? ማይነስ አርባ ሲባዛ በማይነስ ግማሽ። ልጆቹ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ወደ ጉደር የሚሄድ መኪና ቀድሞ የነበረው በየት በኩል ነው? በጊንጪ በኩል ነዋ! ፕላስ ሃያ።

እኔ ጠመኔዬን አስቀመጥኩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ማይነስ በማይነስ ገባኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ክላክሱ የትምህርት መርጃ ሆነ፤ አቤቱታዬም በዚያው ተቀበረ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ያለፈበትን ሰዓት ይጽፋሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ያሰላሉ። ሂርጳን “ኦቦ ዜሮ” ብለው ሰየሙት። ገበያ ላይ ሲያገኙት “ኦቦ ዜሮ፣ አካም!” ይሉታል፤ እሱም ቆሞ ሁሉንም እየጨበጠ ሰላም ይላል።

ነገሩ የሆነው በ2012 ጥቅምት፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ማክሰኞ ሂርጳ ሰው አይጭንም፤ ብቻውን ለጉደር ሱቆች ሳሙናና ዘይት ያደርሳል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ልክ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ነጩ ሚኒባስ በመስኮታችን አለፈ። በፍጥነት አላለፈም፣ እንደ ሁልጊዜው ነው። ግን ክላክስ የለም። በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከችፑዱ ወዲያ መቲ የምትባለው፣ ያቺ “ለምን”ን የማትለቅ ልጅ፣ “ባርሲስቱ፣ ዜሮ ዝም ብሎ አለፈ” አለች። ባርሲስቱ መምህርት ማለት ነው።

አስካለች “ዝም ቢልም አልፏል፣ ሰዓቱን ጻፉ” አለች። ሠላሳ ደቂቃ ወደ ኋላ አሰሩት። አርባ ድምፅ አብሮ “ፕላስ ሃያ” አለ። ደወሉ ተደወለ።

ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ዘበኛችን ኦሊቃ ወሬ ይዞ መምህራን ማረፊያ ገባ። ኦሊቃ ወሬን እንደ ትኩስ ድንች ነው የሚይዘው፣ እጁ ላይ አይቆይም። ወደ ጊንጪ በሚወስደው መንገድ፣ ከዚህ ሃያኛው ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኦቦ ሌታ የሚባሉ ገበሬ አህያቸውን ሲነዱ መኪና ገጭቷቸዋል። ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው። ነጭ ሚኒባስ ነው፣ አልቆመም። እርሻ ላይ የነበረች ሴት ከሩቅ አይታለች፣ ታርጋውን ግን አላየችም። ሽማግሌው አምቦ ሆስፒታል ናቸው፣ መትረፋቸው አልታወቀም። ረዲ የሚባል የጊንጪ ሹፌር መብራቱ የተሰበረ ነጭ ሚኒባስ ስላለው ተይዟል። ኦሊቃ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ሻዩን አነሳ። አስካለች መኖሯን ያየው ያኔ ነው፤ ሻዩን መልሶ አስቀመጠው።

ተናደድኩ፤ በኦሊቃ፣ በሂርጳ፣ በቁጥሩ፣ በሁሉም። ነጭ ሚኒባስ በዚህ መንገድ እንደ ጉንዳን ነው አልኳት። መብራቱ የተሰበረው ሰውዬ ተይዟል አልኳት። እሷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ነው፤ የሂርጳ ስልክ ዝግ ነው። እንደገና ደወለች፣ ዝግ ነው። በመጨረሻ፣ “ጋሽ ብዙነህ፣ ክላክስ አላደረገም” አለችኝ። ማባዛቱን እኮ እኔም አውቀዋለሁ፤ ራሷ ናት ያስተማረችኝ።

ወደ ቤትሽ ሂጂ ብንላት አልሄደችም። ቤት ምን ልሥራ አለች። አራተኛውንና አምስተኛውን ክፍለ ጊዜ በሌላ ክፍል አስተማረች፤ እንዴት እንዳስተማረች እግዜር ይወቅ። በየመሃሉ መንገዱን ታያለች። ከጉደር የሚመለስ ነጭ መኪና ሁሉ ያስቆማታል፣ መልሶም ይጥላታል። እኔም ማየት ጀመርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ክላክስ ናፈቅሁት።

ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ወደ ሰባተኛ ክፍሏ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ጃርሶ ከኦቦ ገብረአማኑኤል ጋር መጣ። አመጣጡ ለማሳደድ አልነበረም። ረዲ እኔ አይደለሁም ስላለ፣ ከጊንጪ በዚያ ሰዓት የወጡ ነጭ ሚኒባሶችን እየለየ ነው፤ ኦሊቃ ደግሞ በሩ ላይ ሲጠይቁት “እነዚያ ልጆች መኪና ያለፈበትን ሰዓት ይጽፋሉ” ብሎ አርፏል። ምላሱ ይቆረጥና! ተማሪዎቼን “ዝም ብላችሁ አንብቡ” ብዬ እኔም በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ።

ሳጅን ጃርሶ ጨዋ ሰው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም አለ፣ አስካለችን ይቅርታ ጠየቀ፣ ለልጆቹም እንዳይፈሩ ነገራቸው። ዛሬ ጠዋት የትኛው ነጭ መኪና፣ ስንት ሰዓት አለፈ? ልጆቹ ተያዩ። መቲ ተነሳችና የኦቦ ሂርጳ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ አለች፤ ወዴት ይሄድ እንደነበር ግን አልተናገረችም። ይህንን መደበቅ አልቻሉም፤ ሁሉም ደብተር ላይ አለ። ሳጅኑ ጻፈ። “እና በእናንተ ሒሳብ፣ ከዚያ ሠላሳ ደቂቃ በፊት የት ነበር?” አለ።

ሰሌዳውን አየሁት። ጠዋት “+20” ተጽፎበት የነበረው ሰሌዳ በውሃ ተጠርጓል፣ ገና አልደረቀም። ሰሌዳችንን በውሃ የሚያጥብ ሰው ኖሮ አያውቅም። የኦሊቃ ወሬ ልጆቹ ጋም ደርሶ ኖሯል። ፊት ያለው ልጅ ደብተር ላይ ደግሞ አንድ ቦታ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ወረቀቱ ቀዳዳ ሆኗል።

ልጆቹ አብረው፣ እንደ መዝሙር፣ “ማይነስ ሃያ” አሉ።

ሳጅኑ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ፣ ያ በየት በኩል ነው ብሎ። ኦቦ ገብረአማኑኤል በጉደር በኩል ነው አለ። ውሸት አልተናገረም፤ ማይነስ በጉደር በኩል ነው። ሳጅኑ እንግዲያው የሚፈልገው ሰው አይደለም ማለት ነው። ጠዋት በዚያ በኩል ከነበረ አደጋው ቦታ ሊሆን አይችልም። ሒሳቡን የሚመረምር ሰው አልነበረም፤ ሒሳብን እንደ እኔ የሚፈራ ሰው ነው። እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ አደረገ።

እውነቱን ልናገር። ደስ አለኝ። ሰው ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሌላ ሰው በሐሰት ታስሮ፣ እኔ በሩን ተደግፌ ተመስገን አልኩ። የነዚያን ልጆች ግንባር መሳም አማረኝ። ያን ሁሉ ዓመት የደከመችበትን፣ ነፍሳቸው ድረስ ያስገባችውን ነገር፣ አርባ ልጆች ስለ እሷ ብለው በአንድ ቀን ተሳሳቱት።

አስካለች ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው አጠገብ ቆማለች። ፊቷን አላየሁም። ሳጅኑ አመስግኖ ሊወጣ ሲል “ቆይ” አለች። እርጥቡ ሰሌዳ ላይ ማይነስ አርባ፣ ማባዣ፣ ማይነስ ግማሽ ጻፈች። ጠመኔው በውሃው ላይ አልጽፍ ሲል በሹራቧ እጅጌ አደረቀችው። ከዚያ መቲን ነይ ሥሪው አለቻት።

መቲ መጣች፣ ጠመኔውን ግን አልቀበልም አለች። እንባዋ እየወረደ ነው።

“ባርሲስቱ፣ ዛሬ ብቻ ማይነስ ቢሆንስ?”

አስካለች ጎንበስ ብላ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችላት። “ረዲም ልጆች አሉት” አለቻት። “ፕላስ ነው፣ የኔ ልጅ። ሁልጊዜም ፕላስ ነው።” ራሷ ጻፈችው። ሃያ። በጊንጪ በኩል። ልጆቹ እንዲያርሙ ነገረቻቸው፣ ሁሉም እስኪያርሙም ቆማ ጠበቀች። ፍቆ የበሳው ልጅ በቀዳዳው አጠገብ ጻፈ።

ለሳጅኑ ደግሞ፣ ጉደር ከሄዳችሁ እኔም አብሬ ልሂድ፣ ካየኝ አይሸሽም አለችው። እኔም አብሬያቸው ተጫንኩ፤ ማንም አልጠራኝም፣ ማንም ግን አልከለከለኝም።

ሂርጳን ያገኘነው ጉደር መግቢያ፣ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ፣ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ነው። የፊት መብራቱ ተሰብሯል። ሳሙናውም ዘይቱም አልወረደም። ሹፌሮች ሰው ሲገጩ ሕዝቡን ፈርተው ቦታው ላይ አይቆሙም፤ ቀጥታ ሄደው ቀጣዩ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ እጃቸውን ይሰጣሉ። ሂርጳም እንደዚያ ብሎ ነበር የተነሳው። አምቦ ጣቢያ ደረሰ፣ አልፎት ሄደ፤ ጉደር እሰጣለሁ አለ። ጉደር ደረሰ፣ እዚያም አልቻለም። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት እዚያው ተቀምጧል። እሷን ሲያይ ምንም ሳይጠየቅ ሁለት እጁን ለሳጅኑ ዘረጋ። እሷን ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው። “ክላክስ ላደርግ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።”

እሷ “ዝም ማለትህን ሰምቼዋለሁ” አለችው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው እስኪያድር አልቆየም። ረዲ በዚያው ቀን ተፈታ። በሳምንቱ ከሚስቱ ከመርየም ጋር አስካለች ቤት መጥቶ፣ ቡናዋን ጠጥቶ ሄደ። ኦቦ ሌታ ተረፉ፤ አንድ እግራቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች በጉማ ሥርዓት ተቀምጠው እርቁን አወረዱ፤ መንግሥትም የራሱን ፍርድ ፈረደ። ሂርጳ ታሰረ። ከተማው ደግሞ “ባሏን በሒሳብ አሳሰረች” አለ። ይህን ካለ አንድ ፀጉር አስተካካይ ጋር፣ ፀጉሬ ገና ግማሹ ተቆርጦ፣ ተጣልቼ ወጥቻለሁ። ሳምንት ሙሉ በግማሽ ፀጉር አስተማርኩ፣ አልጸጸትም።

በዚያ ዓመት የምዕራፉን ቀሪ እንዴት እንደጨረሰችው አላስታውስም። ከዚያ ያ ዓለምን የዘጋው በሽታ መጥቶ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ስንከፍት ደግሞ አዲስ ሰባተኛ ክፍል መጣ፣ ያ ምዕራፍም መጣ። ወደ ሮቶው ትመለሳለች ብዬ ገመትኩ፤ ብትመለስ ደግሞ ማን ይፈርድባታል? ልጆቼን ጽሑፍ አስያዝኩና ጆሮዬን ችፑዱ ላይ አደረግሁ።

“የትምህርት ቤቱ በር ዜሮ ነው” አለች። ወደ ጊንጪ ፕላስ፣ ወደ ጉደር ማይነስ። አንድ መኪና ወደ ጉደር በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን አልተቋረጠም። ታሪኩን የማያውቅ አንድ አዲስ ልጅ፣ ልጅ መቼም ዝም አይልም፣ “ሹፌሩ ማነው?” ብሎ ጠየቀ።

አስፋልቱ ላይ አንድ መኪና አለፈ፣ ቀጥሎም ሌላ።

“ሂርጳ ይባላል” አለች። “ባለቤቴ ነው። አሁን ንገሩኝ፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት የት ነበር?”